ባንኮክ ሁለት ቀን አለን፤ ጉልበቷን የሚያማት እናቴን የት ልውሰዳት?

የእናቱ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ለጉልበት ሕክምና ይዤ ባንኮክ ከመጣሁ ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ቀጣዩ ቀጠሯችን ሰኞ ስለሆነ ሐሙስና ዓርብ ነፃ ነን። ከሆቴሉ መስኮት ፎቅ ብቻ ስታይ ሰንብታ ትናንት «የዚህ አገር ንጉሥ ቤታቸው የት ነው?» አለችኝ። እኔም ታላቁን ቤተ መንግሥት ላሳያት ቃል ገባሁ። አሁን ግን ተጨንቄአለሁ። በሜዳ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን አይሆንላትም። ከአራት ሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት አትችለውም። ግቢው ውስጥ የቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዳለ ስነግራት ደግሞ «ጣዖት ቤት እግሬን አላስገባም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ዓርብ ጾም መሆኑንም አትርሱብኝ። የሄዳችሁበት ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ጨርቁ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ ጨርቅ ለመግዛት ወደ ባንኮክ ስመላለስ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ቤተ መንግሥቱን ያየሁት ግን በስድስተኛው ዓመት ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አጥሩ አጠገብ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ሽማግሌ አስቆመኝና «ዛሬ በዓል ነው፣ እስከ ቀትር ዝግ ነው» አለኝ። አዝኖልኝ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ጠራልኝ። ታክሲው ያደረሰኝ የጌጣጌጥ መደብር ነው። ሰንፔር ልግዛ አልግዛ ስል ከሰዓቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ «ዝግ ነው» የሚለኝን ሁሉ አመስግኜ አልፋለሁ። አንተም በሩ ድረስ ሄደህ በዓይንህ እይ።

በሩ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እዚያው ተገኙ። መግቢያው ለውጭ አገር ሰው 500 ባህት ነው። እናትህ በቀሚስና በነጠላቸው ቢሄዱ ማንም አይናገራቸውም፤ አንተ ግን ቁምጣ እንዳትለብስ። እኔ ለብሼ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ፤ ዝሆን የታተመበት ሱሪ ከመንገድ ገዝቼ ነው የገባሁት። ባለቤቴ አሁንም በእሱ ትስቅብኛለች።

ግቢው በእኛ ዘመነ መሳፍንት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1782 የተጀመረ ነው። የፋሲል ግንብን ላየ ሰው ዕድሜው አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ወርቁና የመስታወቱ ፍንጥርጥር ነው። ሰው ሁሉ የሚጋፋው የመረግድ ቡድሃ የሚባለውን ለማየት ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ድንጋዩም መረግድ አይደለም። እኔን የገረመኝ ልብሱ ነው፦ ለበጋ፣ ለዝናብና ለብርድ ወራት ሦስት የወርቅ ልብስ አለው፤ የሚቀየረውም በንጉሡ እጅ ነው።

አሁን ለእናትህ የሚሆነውን ስማ። በዚያው ትኬት የንግሥት ሲሪኪት የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ይገባል። ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ቀዝቃዛ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጣዖት የለበትም። አንድ የሐር ቀሚስ ፊት ቆሜ ጥለቱን ስቆጥር የበረራ ሰዓቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ወደ ግቢው በጀልባ ሂዱ፤ ብርቱካናማ ባንዲራ ያላት ርካሽ ናት።

ሲስተር፦ ባለ ጨርቁ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ጀልባውን ግን ተወው። ጉልበት የሚያማት ሰው ከዚያ ጀልባ ላይ አታውርድ። ወደቡ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ይወዛወዛል፣ መዝለል ይፈልጋል። የምድር ውስጡን ባቡር ይዛችሁ ሳናም ቻይ ጣቢያ ውረዱ፤ አሳንሰር አለው። ጣቢያው ራሱ እንደ ዙፋን አዳራሽ የተሠራ ስለሆነ እዚያው ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ቅርብ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ በር ግን በሌላው ጎን ስለሆነ ታክሲ ያዙ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ዋት አሩን የሚባለው ቤተ መቅደስ ላይ ለመውጣት አታስቡ፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ከወንዙ ወዲህ ሆናችሁ እዩት። ከላይ እስከ ታች የተለበጠው በሲኒና በሳህን ስባሪ እንደሆነ ብትነግሯቸው እናትህ ይወዱታል።

ለጾም፣ ቢጫ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈበት ምልክት ያለው ምግብ ቤት ፈልግ። «ጄ» ይሉታል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ምልክት በሌለበት ቤት «አትክልት ብቻ» ብትልም የዓሣ ስጎውን ጠብ ያደርጉበታል።

ስለ መግባት አለመግባቱ የንስሐ አባታቸውን በስልክ ይጠይቁ። አንተ አታስገድዳቸው።

የእናቱ ልጅ፦ ተመልሻለሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ በሁለት ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ነበርን። አንድ ሰው ዝግ ነው አለን፤ አመስግነን አለፍነው።

እናቴ በጥላው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የተሳለውን 178 ክፍል ያለው ታሪክ አየች። የዝንጀሮ ሠራዊት ሲዋጋ ስታይ «የእኛ ሠዓሊ ቢሆን ለክፉዎቹ አንድ ዓይን ብቻ ነበር የሚሥልላቸው» አለች። በትኬቱ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከእኛም ከፈረንጁም ስለራቀባት ስታሰላ ቆየች፤ የቡድሃው አቆጣጠር ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል።

ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማ ሲወለቅ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እነዚህስ ያውቁበታል» አለችና ደጁ ላይ ተቀምጣ «አንተ ግባ፣ ጫማህን እኔ እጠብቃለሁ» አለችኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስወጣ በፊቷ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። ነጠላዋን አይተው ጠባቂ መስላቸው መሰለኝ፣ የማታውቃቸው ሰዎች እያስቀመጡላት ገብተዋል። ባለቤቶቹ ሁሉ እስኪወጡ ድረስ አልነሣም ብላ፣ ሙዚየሙ የደረስነው ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።