መኪናውን ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልውሰድ? ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ስድስት ቤተሰብ ነን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ስንፈልግ ምርጫችን ኤሌክትሪክ ሆነ። ሦስት ረድፍ ወንበር ስላለው ፎልክስዋገን አይዲ 6ን መረጥን፤ ቀብድም ከፈልን።

ሻጩ "በሁለት ወር እጃችሁ ይገባል" ብሎን ነበር። አሁን አምስተኛ ወራችን ነው። በደወልኩ ቁጥር "ጅቡቲ ደርሷል" ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ያው ሞዴል ዛሬውኑ አለ፤ ግን የዕቃ መጫኛው የኋላ በር ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ የሚከፈት አይደለም፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ካሜራም የለውም።

ለብዙ ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማስበው እናቴን ነው። ጉልበቷን ያማታል። ከመርካቶ ስንመለስ ዝናቡ ይወርዳል፤ በአንድ እጄ እሷን ደግፌ በሌላው ዘንቢል ይዣለሁ። ያን ከባድ በር በምኔ ልክፈተው? ካሜራውም ቢሆን፣ ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ከኋላ ይሯሯጣሉ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በሩን የሚከፍተው ሞተርና ካሜራው በኋላ ሊገጠም ይችላል? የገጠማችሁ ካላችሁ፣ በክረምት ውሃ አስገባ? ስክሪኑ በቻይንኛ ሲመጣስ ምን አደረጋችሁ? አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት በኤሌክትሪክ የነዳችሁም ንገሩኝ።

ቀብድ ከፍላችሁ የዘገየባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ውሉ ላይ የማስረከቢያ ቀን እንዴት አስጻፋችሁ? የእኛ ውል ላይ ቀን የሚባል ነገር የለም። እስከ አርብ መልስ ስጡ ብለውናል።