«እንዴት ታምራለች!» የሚለውን እንዴት ላስተምር?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ አስተምራለሁ። አሁን ያለንበት ርዕስ አጋናኝ ዓረፍተ ነገር (እንደ ደስታ፣ ሐዘንና አድናቆት ያለ ስሜትን የሚገልጽ) ሲሆን፣ «እሰይ፣ ዝናቡ መጣ!» ወይም «ወይኔ፣ ደብተሬ ረጠበ!» የሚሉትን ልጆቹ ያለ ችግር ይለያሉ፤ «እሰይ» እና «ወይኔ» የሚሉት የስሜት ቃላት (ቃለ አጋኖ) ራሳቸው ይመሯቸዋልና። የተቸገርኩት «ይህች ጥጃ እንዴት ታምራለች!» በሚለው ዓይነት ላይ ነው። «እንዴት» መጠየቂያ ቃል መሆኑን ቀደም ብለው ስለተማሩ፣ በትእምርተ አንክሮ (!) ፋንታ ትእምርተ ጥያቄ (?) ያስቀምጣሉ። ድምፄን ከፍና ዝቅ አድርጌ ሳነብላቸው ልዩነቱን ወዲያው ይይዛሉ፤ ወረቀት ላይ ግን ድምፅ ስለሌለ (መቼም አይፈረድባቸውም) ይጠፋባቸዋል። በዚያ ላይ «ዝም በሉ!» የሚለው ትእዛዝ ያንኑ ምልክት መያዙ ይበልጥ ግራ አጋብቷቸዋል። ከምልክቱ ይልቅ ከስሜቱ ተነሥታችሁ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ መልመጃ እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።