«በካልሳይት ሥር» ከታቹ ነው ወይስ ከውስጡ?

ጠያቂ፦ ስለ ማዕድናት የተጻፈ ጽሑፍ ስተረጉም እንዲህ አልሁ፦ «ዩካይራይት በስዊድን፣ በስክሪኬሩም የመዳብ ማውጫ፣ በካልሳይት ሥር ይገኛል፤ ስሙም በግሪክኛ መልካም ጊዜ ማለት ነው።» ባልደረባዬ «ከካልሳይቱ በታች» ብሎ ተረዳው። እኔ ግን «ሥር» ያልሁት የዓለቱን ስንጥቅ ሞልቶ እንደ ደም ሥር የተዘረጋውን፣ ካልሳይት የተባለውን የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው። እንዴት ላቃናው?

የቅኔ ተማሪ፦ አስቀድሞ «መልካም ጊዜ» ይታረም፤ በእኛ አፍ ይህ የስንብት ምርቃት ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በ1817 እ.ኤ.አ. ካገኘ በኋላ ምርመራውን ገና ሲፈጽም፣ መዳብ፣ ብርና ሴሌኒየም የተዋሐዱበት ይህ ማዕድን እጁ ገባ። ስሙ የሚያመለክተው በሰዓቱ መድረሱን ነው።

የመሪጌታ ልጅ፦ እኔስ በዩካይራይት ስም ውስጥ ያለው የግሪክኛው «ካይሮስ» ከግዕዙ «ኄር» ጋር አንድ ምንጭ ያለው ይመስለኛል። ድምፁም ትርጉሙም ይቀራረባል።

የቅኔ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ቅኔ ቤት ዓመታት የተቀመጠ ሰው ይህን አይቀበልም። «ኄር» የዐረብኛው «ኸይር» ዘመድ ነው፤ በግሪክኛው ስም ደግሞ መልካምነቱን የያዘው መነሻው «ዩ» ሲሆን «ካይሮስ» ጊዜ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «በጊዜውም አለጊዜውም ጽና» ሲለው «በጊዜውም» የተባለው ይኸው ከሁለቱ የተጣመረው ቃል ነው።

የማዕድን መምህር፦ በማርቆስ ወንጌል ግን ስለ ሄሮድስ ልደት «ምቹ ቀን ሆነላት» ተብሎ የተተረጎመው ያው ቃል ነውና «ምቹ»ም ያስኬዳል። ማዕድኑን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ በነጭ ካልሳይት ላይ እንደ ስስ ቅብ የተለጠፈ፣ ትኩስ ስብራቱ ብር የሚመስል፣ በመዳብ ሳንቲም የሚጫር ነው፤ ከክብደቱም 43 በመቶ ያህሉ ብር ነው። ብርቅ የሆነውም፣ ሰልፈር በበዛበት ፍል ውኃ ሴሌኒየም በሰልፋይዶች (ሰልፈር ከብረታ ብረት ጋር በተዋሐደባቸው ማዕድናት) ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀር፣ ራሱን ችሎ የሚረጋው ሰልፈሩ ሲያንስ ስለሆነ ነው።

የቅኔ ተማሪ፦ ለሄሮድያዳ ቀኑ ተመቻት፤ ለበርዜሊየስ ግን ማዕድኑ ራሱ ደረሰለት። «ምቹ» ይህን አይሸከምም።

ጠያቂ፦ እንግዲያው «በጊዜው የደረሰ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ አመሰግናለሁ። «ሥር»ንስ «ጅማት» ብለው፣ ካልሳይቱ በዓለቱ ውስጥ መዘርጋቱ ይታያችኋል?

የመሪጌታ ልጅ፦ «ጅማት» ራሱ ከየት እንደ መጣ አስቀድመን እንመርምር።