ጥቆማ፦ ለንግድ ሕንፃ ሥራ የትኛው ሰርተፊኬት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮና ሱቅ አከራያለሁ፣ ሕንፃም አሻሽጣለሁ። "ደላላው" መባል ሰልችቶኛል። አርአይሲኤስ (የእንግሊዙ የንብረት ገማቾችና ቀያሾች ማኅበር) ይሻላል ወይስ ሲሲአይኤም (የአሜሪካኖቹ የንግድ ሕንፃ ኢንቨስትመንት ማዕረግ)? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደንበኛህ ማን እንደሆነ ለይ። ሥራህ ለባንክ ወይም ለውጭ ባለሀብት ንብረት መገመት ቢሆን አርአይሲኤስ እልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ላይ የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። ገማቾች "ቀይ መጽሐፍ" የሚሉትን መመዘኛ የሚያወጣውም እሱ ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ልምድህን በጽሑፍ ታቀርባለህ፣ መጨረሻ ላይ ገምጋሚዎች ፊት ቀርበህ ትፋጠጣለህ።

ላንተ ሲሲአይኤም ይሻልሃል። ተቋሙ ቺካጎ ነው፣ ኮርሱን በኦንላይን መውሰድ ይቻላል። ሙሉ ማዕረጉን ለማግኘት አራት ዋና ኮርሶች፣ የሠራሃቸው ሥራዎች ማስረጃና ከባድ ፈተና አለ። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው! ስለዚህ ማዕረጉን ተወውና የመጀመሪያውን፣ የፋይናንስ ትንተናውን ብቻ ውሰድ። ሻጭ "የመጨረሻ ዋጋዬ ይሄ ነው" ሲል ገዢው "ኪራዩ መቼ ይመልስልኛል?" ይልሃል አይደል? ያኔ ባዶ የሚያድረውን ወለል፣ ጥበቃውን፣ የጀነሬተሩን ናፍጣ ቀንሰህ የተጣራውን ገቢ በወረቀት ካሳየኸው ማንም ደላላ አይልህም።

አንድ ነገር ልብ በል። ኮርሱ የተሰናዳው ለአሜሪካ ገበያ ነው። እነሱ ኪራይን ብዙ ጊዜ በስኩዌር ፊት በዓመት ያወራሉ፣ እኛ በካሬ በወር። እሱ ቀላል ነው፤ አንድ ካሬ 10.76 ስኩዌር ፊት ነው፣ የእነሱን ዋጋ በዚያ አባዝተህ ለ12 ወር ታካፍላለህ። ጣጣው መሬቱ ላይ ነው። እዚያ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱንም የራሱ ያደርጋል። እኛ ዘንድ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የሚሰጠው እስከ 60 ዓመት ነው። የቀረውን የሊዝ ዘመንና ያልተከፈለውን የሊዝ ዕዳ ሳታይ ቀመሩን እንዳለ ብትገለብጥ ደንበኛህን ጉድ ትሠራዋለህ።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ማከራየቱን ትተህ ሕንፃ ማስተዳደር ውስጥ ልትገባ ካሰብክ ግን ሲፒኤምን (የንብረት አስተዳዳሪዎችን ሰርተፊኬት) እይ፤ ሊፍት፣ ጥገና፣ በጀት፣ ከተከራይ ጋር ያለው ንትርክ ሁሉ የሱ ጉዳይ ነው። ደግሞ የትኛውም የውጭ ሰርተፊኬት የሥራ ፈቃድ አይሆንህም። በ2017 የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል። ዶላር ፍለጋ ከመሮጥህ በፊት እሱን አንብብ።