ጥቆማ፦ በከተማው ዳርቻ ቦታ ከመግዛታችን በፊት ፕላኑን ማን ያጣራልን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬን አለፍ ብሎ ካርታ ያለው ቦታ ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ቦታው በፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። ደላላው «ወረዳ ላይ ሰው አለኝ፣ በአንድ ቀን ይጣራል» ይለኛል። ዘመዶቼ ደግሞ አንዱ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ አንዱ ቀያሽ፣ አንዱ ጠበቃ ይጠቁማሉ። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትመርጣላችሁ?

መልስ፦
ደላላው ቦታ ለማፈላለግ ይጠቅም ይሆናል፤ ለማጣራት ግን አይሆንም። ሊሸጥልዎት ያሰበው ወረዳው የሌለውን ሥልጣን ነው። አዲስ አበባን እንውሰድ። የመሬት አጠቃቀሙን የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላኑ ነው፤ ፕላኑን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። የሚያዘጋጀውና የሚከታተለው ፕላንና ልማት ቢሮ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሚሽን ይባል ስለነበር በቆየ ደብዳቤ ላይ ያንን ስም ቢያዩ አይደናገጡ። ቦታ የሚያስተላልፈው መሬት ልማትና አስተዳደር ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ደግሞ የሌላ ባለሥልጣን ሥራ ነው። ወረዳ ላይ ያለ ሰው፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ ምክር ቤት ያጸደቀውን አረንጓዴ ቦታ ወደ መኖሪያ አይለውጥልዎትም።

ይህ ለዳርቻው ሰው ከሌላው ይልቅ ያሳስባል። በ2009 የጸደቀው የአዲስ አበባ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ያ ሁሉ አረንጓዴ ከመርካቶ መሃል አይገኝም፤ የወንዝ ዳሩንና የከተማውን ጫፍ ነው የሚፈልገው። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ስለሆነ፣ የሚያሳዩዎት ወረቀት በየትኛው ዘመን ፕላን ላይ እንደተመሠረተም ይጠይቁ።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህም ይቀድማል፦ ቦታው የየትኛው ከተማ ነው? የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 መጨረሻ ይፋ ከተደረገና ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሠረተ በኋላ፣ ኮዬ ፈጬ የሸገር ክፍለ ከተማ ሆኗል። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ገላን ሁሉ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ነው። እዚያ ፋይሉም ደብዳቤውም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ስለ ቦታው የሚነግርዎት የለም። የሻጩን ካርታ ራስጌና ማኅተም አንብበው መሄጃዎን ይወስኑ።

ከተጠቆሙልዎት መካከል እኔ የማስቀድመው ቀያሹን ነው። የሙያ ፈቃድ ያለው ይሁን፤ በካርታው ላይ ያሉትን የማዕዘን ነጥቦች መሬት ላይ አውርዶ ችካል ይምታልዎት፣ የፈረመበትን ንድፍም ይስጥዎት። አጥሩ ከካርታው ወጥቶ መንገድ ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ሻጩ ራሱ በስሙ ያመልክት፤ የፕላን መረጃው በደብዳቤ ይውጣ። በቃል «ችግር የለውም» የሚል መልስ ከምንም አይቆጠርም፣ የተናገረው ኃላፊ ቢሆንም።

ጉዳይ አስፈጻሚ ጊዜ ለሌለው ሰው ደህና ነው፤ ወረፋ ይይዝልዎታል፣ ፋይል ያስወጣል። ውክልናውን ግን «ለመከታተልና መረጃ ለመቀበል» ብቻ ብለው ያጽፉት። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል የተለመደ ቅጽ ዘርግቶ ፈርሙ ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ጠበቃውን ለውሉ ያቆዩት።

ሌላ አንባቢ፦
ቀያሽ ለምን አስፈለገ? እኔ በካርታው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስልኬ ላይ አስገብቼ ቦታዬን አይቻለሁ፤ ያለ ምንም ወጪ።

መልስ፦
ያዩት የጎረቤትዎን ቦታ ሊሆን ይችላል። ብዙ የአዲስ አበባና የአካባቢው ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው ሌላውን፣ ዓለም አቀፉን ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር እንዳለ ከገባ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በዳርቻው 200 ሜትር ማለት ወንዙን ተሻግሮ፣ አንዳንዴም ከተማ ቀይሮ ነው። ቀያሹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታው በየትኛው መነሻ እንደተሠራ ነው፤ ካልጠየቀ እሱንም ይተዉት።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ካርታውን አሁን ደግሜ አየሁት፤ ማኅተሙ የሸገር ነው። ሻጩ ከካደኝ የት ነው የምከሰው?

መልስ፦
እንግዲያው ጠበቃው በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚቆምና አፋን ኦሮሞ የሚችል ይሁን። ቦታው አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ፣ ከማስተር ፕላኑ (ከላይ መዋቅራዊ ፕላን ካልኩት) ጋር በተያያዘ የሚነሳ የይዞታ፣ የፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ክርክር በቻርተሩ አዋጅ ቁጥር 361/1995 ለከተማው ፍርድ ቤቶች የተሰጠ ነው፤ ያንን የለመደ ጠበቃ ለእርስዎ ብዙ አይጠቅምም። ቀብዱን ግን የፕላኑ ደብዳቤ ሳይወጣ አይክፈሉ፤ ሻጩ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ቢልዎትም።