የተሸጠ ሞባይል ሲመለስ ምን ይፈተሽ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሞባይል ቤት ሻጭ ነኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ለጥፈናል። ደንበኛ «አይሠራም» ብሎ እየጮኸ ሲመጣ በዚህ ማስታወቂያ ብቻ ዕቃውን አልቀበልም ማለት እችላለሁ?

መልስ 1፦ አትችልም ወንድሜ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው ጉድለት ካለበት፣ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ አሳውቆ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ቀለሙን ስላልወደደው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ *#06# ደውል፤ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር አመሳክር። ባለሁለት ሲም ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር እይ፤ የሌላ ስልክ በእናንተ ካርቶን ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የሲም ማስገቢያውን አውጥተህ በመብራት ተመልከት፤ ብዙ ስልኮች ውሃ ሲነካቸው ወደ ቀይ የሚለወጥ ምልክት እዚያ አላቸው።

መልስ 2፦ አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሻጭ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን ከመመለስህ በፊት ደንበኛው የጎግል አካውንቱን ራሱ ያውጣ። ሳይወጣ ሪሴት ካደረግከው (ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ካጠፋህ) የእሱን የይለፍ ቃል ሊጠይቅህ ይችላል፤ ስልኩ ተቆልፎ እጅህ ላይ ይቀራል።

መልስ 3፦ ለጩኸቱ፦ «አንተ ነህ የሰበርከው» አትበል፣ እውነት ቢሆንም። «ና አብረን እንየው» በልና ስክሪኑን ወደ እሱ አዙረህ ፈትሽ። ሲሸጥም ቻርጀሩን፣ ስፒከሩንና ካሜራውን ፊቱ ሞክረህ፣ መለያ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጽፈህ አስፈርመው።