የጥቁርና የነጭ አሜሪካውያን ቤተሰቦች የሀብት ልዩነት ለምን አልጠበበም?

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ስለ ገቢና ስለ ሀብት ልዩነት ስናነሣ ለምሳሌ ያህል የአሜሪካን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደው ጥናት፣ ቤተሰቦች በሀብታቸው መጠን ቢሰለፉ ከነጮቹ ሰልፍ መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ 285,000 ዶላር ገደማ የተጣራ ሀብት ሲኖረው፣ ከጥቁሮቹ ሰልፍ መሃል ላይ የሚቆመው ያለው 44,900 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የገቢው ልዩነት እንዲህ የሰፋ አይደለም፤ ነጩ 100 ዶላር ሲያገኝ ጥቁሩ 65 ዶላር ገደማ ያገኛል። ሀብት ላይ ስንደርስ 100 ለ16 ይሆናል።

አንዲት ተማሪ «በገቢ ስልሳ አምስት የደረሰ ሰው በሀብት እንዴት አሥራ ስድስት ላይ ይቀራል?» ብላ ጠየቀች። ጓደኞቿ በባርነት ምክንያት ነው ቢሏትም፣ ባርነት ከቀረ ከ150 ዓመት በላይ እንደሆነውና በዚህ መሃል ስንት ትውልድ እንዳለፈ ጠቅሳ አልተቀበለቻቸውም። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በባርነትና በዛሬው መካከል የሆነውን በቅጡ የሚያውቅ ካለ ለክፍል በሚሆን መንገድ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። «ሰነፎች ናቸው» ወይም «ዘረኝነት ነው» የሚል የአንድ መስመር መልስ ግን ይቅርብኝ።

የቀድሞ ባንክ ሠራተኛ (ሐረር)

የምሥራቅ ሰው አንቱታ ባይለምድበትም መምህር ስለሆኑ አንቱ እልዎታለሁ፤ ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ገቢ በየወሩ ይመጣል፣ በየወሩ ያልቃል። ሀብት ግን ከአያት ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ፣ የተማሪዎ ጥያቄ የሠሩትን ማስቀመጥና ለልጅ ማውረስ ለማን ተፈቅዶለት ነበር ወደሚል ይመራል።

ጄኔራል ሸርማን በጥር 1865 በደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ። በዚያው ዘመን መንግሥት በ1862ቱ ሕግ መሠረት በምዕራቡ ክፍል ለሚሰፍሩ ሰዎች 160 ኤከር ያድል የነበረ ሲሆን፣ ከወሰዱት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ነጮች ነበሩ። ለነፃ ወጪዎቹ ተብሎ በ1865 የተቋቋመው የቁጠባ ባንክ ደግሞ በ1874 ሲወድቅ የ61,000 ያህል አስቀማጮችን ገንዘብ ይዞ ነበር የወደቀው። ዕድሜውን በባንክ መስኮት ያሳለፈ ሰው ይህን ሲያነብ ያመዋል፤ ቆጥቡ ተባሉ፣ ቆጠቡ፣ ጠፋባቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የቤት ብድር ነው። በ1930ዎቹ አንድ የመንግሥት ብድር ድርጅት ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር እየገመገመ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ የተቀለሙ ካርታዎች አሠራ። ገምጋሚው በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ከቤቶቹ ዕድሜና ከነዋሪው ገቢ ጋር፣ ጥቁር ነዋሪ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ በመቶ ስንት ነው የሚል መስመር ነበረ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ሁሉ ማለት ይቻላል ቀይ ተቀባ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለባንኮች ዋስ ሲሆን፣ ዘር የተቀላቀለበትን ሰፈር በራሱ መመሪያ እንደ ስጋት ቆጠረው። ዋስ ያለው ብድር ቅድመ ክፍያው ትንሽ፣ ወለዱ ዝቅተኛ፣ የመክፈያ ጊዜው ረጅም ነው፤ ያንን ያጣ ሰው ወይ ሲከራይ ይኖራል ወይ በውድ ይገዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የተፈቀደው የቤት ብድርም በባንኮች በኩል ስለሚያልፍ ዕጣው ያው ሆነ። በ1947 በሚሲሲፒ ግዛት በዚህ ዋስትና ከተሰጡት ከ3,200 በላይ ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ።

ከከዚራ (ድሬዳዋ)

ታሪኩን አልክድም። ነገር ግን የእኛ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ዋሽንግተን ገብተው፣ በፓርኪንግና በታክሲ ሠርተው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ብዙም ሳይቆዩ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ይገዛሉ። እኛም ጥቁሮች ነን። ምክንያቱ የቆዳ ቀለም ከሆነ እኛን ለምን አልያዘንም? ጥረትና የቤተሰብ አያያዝ ድርሻ የላቸውም የሚለው አይዋጥልኝም።

የመጋላ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

የከዚራው ወንድሜ፣ ከምትላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የመጣሁት በዲቪ ነው። ለዲቪ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት መሥራት ግዴታ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ሰው ቀድሞ የተጣራ ነው፤ ከአንድ አገር የተመረጡትን ከሌላው ሕዝብ በሙሉ ጋር ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባዋል። ጊዜውንም ተመልከት። አብዛኞቻችን የገባነው ከ1980 በኋላ ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር አድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። እኔና ባለቤቴ ባንክ ገብተን ብድር የጠየቅነው ሌሎች ደማቸውን አፍስሰው ባስከፈቱት በር ነው፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ግን እስከዚያ ድረስ ተከራይ ሆነው አርጅተዋል።

ቤቱን ስንገዛ የቆየውን የባለቤትነት ሰነድ አስወጥቼ አነበብኩት። በታይፕ የተጻፈ ነው። ስለ ወሰንና ስለ አጥር ከሚያወሩት አንቀጾች ቀጥሎ፣ ቤቱ ከነጭ ዘር ውጭ ለሆነ ሰው እንደማይሸጥና እንደማይከራይ፣ ከቤት አገልጋይ በስተቀርም ሌላ ዘር እንደማይኖርበት ይደነግጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ ወስኗል፤ ጽሑፉ ግን እስከ እኔ ድረስ መጥቷል። ያኔ እንዲገዛ የተፈቀደለት ሰው ልጆች፣ በዚያ ሁሉ ዓመት የጨመረውን የቤት ዋጋ ይዘው ኮሌጅ ገብተዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል።

ደግሞም መምህሩ በጠቀሱት 44,900 ዶላር ውስጥ እኛም አለንበት፤ ቆጣሪው አበሻውን ለብቻው አይመዘግበውም።

የምድር ባቡር ቤተሰብ (ድሬዳዋ)

ለተማሪዎቹ ቅርብ የሚሆን ምሳሌ ከፈለጉ ከዚራና መጋላ አሉ። ከተማዋ በ1902 በፈረንጅ አቆጣጠር በባቡሩ ምክንያት ስትቆረቆር፣ ከዚራ ለኩባንያው ሰዎች በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተቀየሰ፤ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሱ መንገድ አደገ። ሆኖም ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ፣ በወንዙ በዚህም ሆነ በዚያ ወገን ያለ ባለ ትርፍ ቤት ለልጁ ሊያወርስ ያሰበውን አጥቷል። ብዙዎቻችን በቀበሌ ቤት ስላደግን የአያት ቤት ለልጅ ልጅ ምን ያህል መነሻ እንደሚሆን ቶሎ አይታየንም። አሜሪካ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሁሉንም ወደ አንድ መነሻ የመለሰ አዋጅ አልነበረም።

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሰነዱን ነገር በተለይ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ። ግን ያቺ ልጅ ቀጥላ የምትጠይቀኝን ከአሁኑ አውቃለሁ። ከ1968 ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለምን አልተቀራረቡም?

የቀድሞ ባንክ ሠራተኛ (ሐረር)

ቀድሞ ሲቀራረቡ ነበር። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ የነፍስ ወከፍ ሀብት ልዩነቱ በ1860 ከነበረበት 60 ለ1 ገደማ በ1920 ወደ 10 ለ1 ወርዷል፤ ከባዶ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ያድጋልና። ከዚያ በኋላ መጥበቡ እያዘገመ ሄዶ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ 6 ለ1 አካባቢ ላይ ቆሟል። አንዱ ምክንያት ሀብቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የጥቁር ቤተሰብ ሀብት በአብዛኛው ቤቱ ሲሆን፣ ነጩ ከቤቱ ሌላ ብዙ አክሲዮን አለው፤ በእነዚህ አሠርት ዓመታት ደግሞ የአክሲዮን ዋጋ ከቤት ዋጋ እጅግ ፈጥኖ ጨምሯል። ውርስም አለ፤ በ2019ኙ ጥናት ውርስ አግኝተናል ያሉት ከነጭ ቤተሰቦች 30 በመቶ ገደማ፣ ከጥቁሮቹ 10 በመቶ ገደማ ነበሩ።

የከዚራው ሰው ያነሣውን ጥረት እኔም አልንቀውም፤ ሂሳቡን ግን ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። መጀመሪያ የጻፏቸው ሁለቱ ቤተሰቦች፣ ባለ 285,000ውና ባለ 44,900 ዶላሩ፣ እኩል ታታሪ፣ እኩል ቆጣቢ ይሁኑና የሁለቱም ሀብት በዓመት 5 በመቶ ይደግ። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛው 14,250 ዶላር፣ ሁለተኛው 2,245 ዶላር ይጨምራል፤ በመካከላቸው የነበረው የ240,100 ዶላር ልዩነትም 252,105 ዶላር ይሆናል።